የከዋክብቱ መጽሐፍ የኔ ነበር

ለነፍስ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መግደፌን፣ ከወንድሜ ጋር በድንበር መጣላቴን፣ ሰው ማማቴን፣ ሁሉንም። ይህችን ግን አንድም ቀን አላነሳኋትም። ለምን እንዳላነሳኋት ስትደርስበት ይገባሃል። እንግዲህ አንተ የማላውቅህ አንባቢ፣ ዛሬ ጆሮህን ስጠኝ። ፍታኝ አልልህም፤ ስማኝ ብቻ።

በጃንሆይ ዘመን ሞላሌ ላይ አስተማሪ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ተምሬ የተመለስኩ፣ ኮት የምለብስ፣ ከእኔ በላይ አንባቢ ላሳር የምል ጎረምሳ። አገሩ ብርድ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ ከቤት መውጣት አይታሰብም። ማንበብ የሚወዱ ጥቂት ሰዎች ከእኔ መጽሐፍ እየተዋሱ ክረምቱን ይገፉ ነበር። ማን ምን ማንበብ እንዳለበት የምወስነውም እኔው ነበርኩ፤ አንተ ይሄን አንብብ፣ አንተ ያንን ገና አትችለውም እያልኩ። ከነዚህ ሁሉ የምወደው ዲያቆን ጥላዬን ነበር። እወደው ነበር ስልህ እውነቴን ነው።

ጥላዬ እኩያዬ ነው። በደብሩ የሚቀድስ፣ ድምፁ የሚያምር፣ መጽሐፍ ከያዘ እህል ውሃ የማያስታውስ ሰው። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው በሥርዓት ካገባ ወዲያ መሆኑን ታውቃለህ። የእጮኛው አባት አቶ ደምሴ ደግሞ ልጄን ቄስ ከሚሆን ሰው በቀር ለማንም አልሰጥም ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ትዳሩም ቅስናውም የቆመው በስሙ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ልብ ወለድ አዋስኩት። እያነበብኩ ያለቀስኩበት መጽሐፍ ነው። ጥላዬ መልሶ ሲያመጣው፣ "መምህር፣ ይሄን እንዴት ወደድከው? ሰዎቹ እኮ ሁሉም ባወሩ ቁጥር ይሰብካሉ፤ ልክ እንዳንተ" አለና ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን እርር አለ። እኔ ያስነበብኩት ሰው እኔኑ ሊያርመኝ?

ከሳጥኔ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣሁ። ስለ ከዋክብት የተጻፈ የትምህርት መጽሐፍ ነው። ጥላዬ እንግሊዝኛውን ከእኔው ዘንድ ገና እየጀማመረ ነበር። "ከወደድክ ይሄን ቻለው" አልኩት። እንዲያነበው አልነበረም የሰጠሁት፤ አቅቶት አንገቱን ደፍቶ እንዲመልስልኝ ነበር። አልመለሰውም። ወደደው። ቃል እየለቀመ መጥቶ ይጠይቀኛል፤ ሲመሽ ደጅ ቆሞ በመጽሐፉ ያየውን ሥዕል ሰማዩ ላይ ይፈልጋል።

ይህን ጎረቤት አየና ለአለቃ ገብረ መድኅን ነገረ። አለቃ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፣ የኔም የነፍስ አባት። መጽሐፉን አስመጥተው ገለጡት። ክብ በክብ ውስጥ፣ መስመር በመስመር ላይ፣ ፊደሉ የማይታወቅ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክብ የሚስለው ጠልሰም የሚጽፍ ደብተራ ነው። ፈረንጅ ሰማይን እንዲህ አድርጎ እንደሚስል ማን ይነግራቸው? የምነግራቸው እኔ ነበርኩ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን አለቃ መጽሐፉን ከፍ አድርገው፣ የጥንቆላ መጽሐፍ ነው ብለው አሳዩ። ጥላዬ ፊታቸው ቆሟል። "የትምህርት መጽሐፍ ነው፤ ሰው አውሶኝ ነው" አላቸው። ማን እንደሆነ ቢጠይቁት፣ "እዚህ ካለ ራሱ ይናገር" አለ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። አለቃም፣ "መጽሐፉን የሚያውቅ ይናገር። አውቆ የደበቀ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን" አሉ።

እኔ ከግቢው የጽድ ዛፍ ሥር ቆሜ ነበር። መጽሐፉ የኔ ነው፣ ስለ ከዋክብት ነው፣ ጥላዬ ምንም አላጠፋም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ከሕዝቡ ጋር ጎንበስ ብዬ "ይሁን" አልኩ። በገዛ አፌ ግዝቱን ተቀበልኩት።

ፈርቼ ነው ልበልህ? ፈርቼስ ነበር። ትምህርት ቤቱ ልጆቻችንን ሃይማኖት ያስለውጥብናል የሚሉ ወላጆች ነበሩ፤ እንጀራዬን አጣለሁ ብዬ ነበር። ለብዙ ዓመት ለራሴም ስነግረው የኖርኩት ይህንኑ ነው። ግን እዚያ ጽድ ሥር በልቤ ያለፈው ነገር ሌላ ነው። "እስቲ አሁን ይሳቅ" ነው ያልኩት። ይህን ማሰቤን አልረሳሁትም፤ ልርሳው ብልም አይሆንልኝም።

መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተቃጠለ። ጥላዬ መቅደስ እንዳይገባ ተከለከለ። አቶ ደምሴ ልጄን ለጠንቋይ አልድርም ብለው ለሌላ ዲያቆን ሰጧት። ጥላዬም ሞላሌን ትቶ ወደ መርሐቤቴ ወረደ፤ ሲሄድ አልሸኘሁትም።

አለቃ እስኪሞቱ ድረስ ወደ ቤቴ እየመጡ ጸበል ሲረጩኝ፣ መስቀላቸውን ሲያሳልሙኝ ኖሩ። የገዘቱኝ እሳቸው፣ የሚፈቱኝም እሳቸው። አሁን ገባህ? እሳቸው ፊት ምን ብዬ ልጀምረው? ደግ ሰው ነበሩ፣ ያን ልጅ በከንቱ ማባረራቸውን ቢያውቁ አንጀታቸው ይቃጠል ነበር። አየህ፣ ዛሬም ለእሳቸው ያዘንኩ መስዬ ራሴን እሸፍናለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ወረድኩ። አውቶቡስ ስጠብቅ ገበያው ዳር ጨው የሚሸጥ ሰው ስሜን ጠራኝ። ጥላዬ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ያው ነው። ብድግ ብሎ ሳመኝ፣ የተቀመጠበትን በርጩማ ለቀቀልኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ያንን ነገር በአፉም አላነሳ። "መምህር፣ እዚህ እኮ የሚያነብ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ምን ጥሩ መጽሐፍ አገኘህ? እስቲ ንገረኝ" አለኝ።

ኮቴ ውስጥ፣ ብብቴ ሥር፣ በመንገድ ላይ የጨረስኩት መጽሐፍ ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ነው። እንካ ብለው እጄ አይቆረጥም ነበር።

"ማንበብ ትቻለሁ" አልኩት።

"ተው እንጂ" አለ አዝኖ። "አንተ ከተውክ ማን ሊያነብ ነው?"

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ሲነፋ ተነስቼ ሄድኩ። መጽሐፉን ይዤው ሄድኩ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ጥላዬ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም። ምናልባት ግን መንገድህ በዓለም ከተማ ገበያ ቢሆን፣ ጨው የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ምን ጥሩ መጽሐፍ አገኘህ ብሎ ቢጠይቅህ፣ እባክህ ንገረው።