የአባ ቆርቆሮ ግራሶ

አባ ቆርቆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት የጀልባው ትኬት ቆራጮች ናቸው። ሰውየው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመንገደኛ ጀልባዎችን ፕሮፔለር ሲጠግን፣ ግራሶውን የሚዝቀው ጽሑፉ ከተላጠ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር። ሲጨርስ ይከድነዋል፣ ሣጥኑ ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ምን ዓይነት ግራሶ እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ግራሶ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል?»

መጀመሪያ የጀልባዎቹ ኩባንያ ውስጥ የገባው በጊዜያዊነት ነበር። ያኔ የሁለቱ ጀልባዎች ፕሮፔለር ኩባንያውን ቁም ስቅሉን ያሳየው ነበር። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ከጀልባው ሆድ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው በነሐስ ቀለበት ውስጥ ነው። ቀለበቱ የሚቀባው በመኪና ግራሶ ስለነበር፣ የባሕሩ ውሃ በጥቂት ሳምንት ግራሶውን ወተት አስመስሎ ያጥበዋል። ከዚያ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፣ ጀልባዋ ከነመንገደኛዋ መሐል ላይ ትቆማለች።

እሱም ነገሩን ቤቱ ይዞት ገባ። ከሚስቱ ብርጭቆዎች ሰባቱን መስኮቱ ላይ ደረደረ፤ የባሕር ውሃ ሞላባቸው። በየብርጭቆው በተለያየ ግራሶ የተለወሰ የነሐስ ቁራጭ ጨመረ። ሚስቱ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ውሃ በምን ልጠጣ? በእፍኜ?» አለችው።

«ትንሽ ታገሺኝ።»

ትንሽ ያለው ሁለት ወር ሆነ። አንዱ ግራሶ ነጣ፣ አንዱ ተፈረካክሶ ተንሳፈፈ። ጥቁሩ ንቅንቅ ሳይል ቢቆይም ሥሩ ያለውን ነሐስ አረንጓዴ አድርጎ በልቶታል። ሳይለወጥ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ በጣቱ ሲያሸው ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ ግራሶው ውስጥ አይገባም። ይህ ግራሶ ከወደቡ ጀርባ ለዓሣ አጥማጆች ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ በኪሎ የሚገኝ ነው።

ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ለሥራ አስኪያጁ ሊነግረው ሄደ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለአንድ ሰው ሲናገር ሰማው፤ «መላውን ካገኘልን ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ መቀባቱን የቀን ሠራተኛም ይቀባዋል። እሱን እናሰናብተዋለን።»

በመጣበት እግሩ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራሶው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፤ ያገኘውንም ነገር በሆዱ ያዘ። ለሥራ አስኪያጁ የነገረው፣ «ዘንጉን እኔ እይዘዋለሁ፤ ሌላ ሰው ግን አይንካብኝ» ብሎ ብቻ ነው። ጀልባዎቹ መቆማቸውን አቆሙ። እሱ በቋሚነት ተቀጠረ፤ ከጥገናው ግቢ አጥር ሥር ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤትም ተሰጠችው። ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ያለ እሱ ፕሮፔለር የሚነካ ጠፋ።

እሱ ይህን እንደ ድል ቆጥሮት ኖረ። ችግሩ የገባው ቀስ እያለ ነው። የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ «አንተ ከሄድክ ጀልባዋን ማን ይጠግናታል?» ይሉታል። የእህቱን ቀብር የደረሰው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው። ልጁ አድጋ፣ ተድራ፣ ሌላ ከተማ ስትወልድ ሊጠይቃት ሄዶ በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደውሎለት ተመለሰ። ልጁ መንታ ስትደግም ሚስቱ ልታግዛት ሄደችና በዚያው ቀረች። ጡረታው ሲደርስ ኮንትራት አራዘሙለት፤ በዓመቱ ደግሞ አራዘሙለት። ጠዋት በመስኮቱ የሚያየው ለጥገና የወጣችን ጀልባ ጀርባ ነው፤ ማታም ያንኑ ነው። ቀኝ ትከሻው ከብዶት ዳዶ የሚያጠብቀው በግራ እጁ ሆኗል።

በመጨረሻ ቆረጠ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ገብቶ ሳይቀመጥ ሁሉንም ዘረገፈው፤ የሱቁን ቦታ፣ የግራሶውን ስም፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ጣሳ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የቆለፉበት ነገር ከተራ ሱቅ የሚገዛ ነው እያሉኝ ነው?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ይሁን» አለ፤ ድምፁ ግን እንዳላመነ ያስታውቅ ነበር።

ግራሶው ተገዛ። ከመኪና ጋራዥ የመጣች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ሜካኒክ ሁለተኛዋን ጀልባ እንድትቀባ ታዘዘች። አባ ቆርቆሮ በአጠገቧ እንዳይደርስ ተከለከለ፤ ያለ እሱ መሥራቱ መረጋገጥ አለበት ተባለ። አምስት ሳምንት ሳይሞላ ዘንጉ መጮህ ጀመረ። ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ግራሶው ሾርባ መስሎ ተንጠባጠበ።

«ዓይንዎን በጨው አጥበው ዋሹኝ» አለው ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁን ሳያነሳ። ኮንትራቱንም ለሁለት ዓመት አራዝሞ አቀረበለት። «ወይ ይፈርማሉ፣ ወይ እውነተኛውን ይነግሩኛል፤ ያለዚያ የጡረታ ወረቀትዎ አይፈረምም።»

እውነተኛውን እኮ ነግሮታል። ሌላ የሚናገረው የለውም። ቤቱ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ብልጠቱ አፈረ። በር የዘጋው ሌላው ሰው እንዳይገባበት ነበር፤ ውስጥ የቀረው ግን ራሱ ነው።

በማግስቱ ሴትዮዋ መጣችበት። እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ነው።

«ጋሼ፣ እኔን አታሞኘኝ። ሱቁ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ላንተ የሚሸጡልህ ይኸንኑ ነው። ታዲያ ለምን ቀለጠብኝ?»

ቀና ብሎ አያት። «የድሮውን ምን አደረግሽው?»

«የቱን የድሮ?»

«ቀለበቱ ውስጥ የነበረውን። ያቺን ጀልባ አንቺ ከመምጣትሽ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ትከሻዬን አሞኝ ስቀር፣ ሌላ ሰው የመኪና ግራሶ ጠቅጥቆባት ነበር።»

«እላዩ ላይ ጨመርኩበት» አለች፤ ወዲያው ነገሩ ገባትና እጇ ላይ የቀረውን ግራሶ አየችው።

«ሁለቱ አይስማሙም። አንዱ ሌላውን ያቀልጠዋል። እኔም ይህን ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ ሁሌ ስለማጥበው መናገር ያለብኝ ነገር አልመሰለኝም።»

ተያይዘው ጀልባዋ ሥር ገቡ። ዘንጉን አወጡ፣ ቀለበቱን በነጭ ጋዝ አጠቡ፣ ንጹሕ ጨርቅ እንደነጻ እስኪወጣ ወለወሉት። ከዚያ ግራሶውን እሷ ሞላች፤ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። የጎማ ማሸጊያው፣ ጎሚኒው፣ ሲገባ ብቻ፣ «ዙሪያውንም ቅቢው፤ ውሃ የሚሾልከው በዚያ ነው» አላት።

«ለምንድን ነው ግን የደበቅከው?» አለችው ዳዶውን እያጠበቀች።

«ሊያባርሩኝ ነበር።»

«ያኔ ቢያባርሩህ ይሻል ነበር።»

አልተቀየማትም። ራሱም ሌሊቱን ያሰበው ይህንኑ ነበር።

ሦስት ወር ጠበቁ። ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ ግራሶው እንደተሞላ ነበር፤ ቀለበቱም አልተነካም። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፣ አሸተተው፣ በመሐረቡ ጠረገው።

«ስለዚህ ድሮም ቢሆን ማንም ሊሠራው ይችል ነበር» አለ።

«ካጠበው፣ አዎ።»

የስንብት ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ደረሰ። ሽኝት አልተደረገም፤ ቤቱን በአሥር ቀን እንዲያስረክብ ተጻፈለት። ሆድ ባሰው፤ ግን ሳይከራከር ፈረመ። ሴትዮዋ በመኪናዋ አውቶቡስ ጣቢያ አደረሰችው፤ ሁለት ሻንጣ ነው ያለው።

የልጁ ቤት ጠባብ ነው። ለእሱ የደረሰው ሳሎን ያለው ሶፋ ሆነ። ታላቃቸው ቶሎ ቢቀርበውም መንትዮቹ ሁለት ቀን እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጠው አዩት። ሚስቱ በዚህ ሰፈር የራሷን ወዳጆች፣ የራሷን ሰዓት አበጅታለች፤ የት እንደምትሄድ እሱን መጠየቅ ትታለች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተነስቶ ልብሱን ለበሰና መሐል ቤት ቆመ። የሚሄድበት አልነበረም።

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችው።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ቁጭ በል እንጂ።»

ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ከመንትዮቹ አንዷ መጥታ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየገለጠች፣ በጥፍሩ ሥር የቀረውን ጥቁር ነገር በአትኩሮት ትመረምር ጀመር።