ለሁለት የተከፈለችው ድንጋይ

አቶ አግደው እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ የብረት ዕቃ በአሲድ ሲያጥቡ ሃያ ዓመት የኖሩ ቁጥብ ሰው ናቸው። ከአልጋቸው ሥር ያለውን መሳቢያ ማንም እንዲነካባቸው አይወዱም። እዚያ ውስጥ የእንቁላል ግማሽ የምታህል ድንጋይ በጨርቅ ተጠቅልላለች። እውነቱን ለመናገር፣ ይፈሯታል።

ድንጋይዋን ያገኛት ታናሽ ወንድማቸው ደምለው ነው፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ማዕድን ሲቆፍር። ላይዋ ቡናማ ዝገት የለበሰ፣ ውስጧ ግን ቅባት የነካው ይመስል የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ቤተ እስራኤላውያንን ወደ እስራኤል የሚወስዱት አውሮፕላኖች አዲስ አበባ ሲመጡ የአግደው ስም ተጠራ፣ የደምለው ቀረ። በመዶሻ ለሁለት ከፈሏት። ደምለው እየሳቀ፣ «ቀለሟ እስካልተለወጠ ድረስ ወንድሜ በሕይወት አለ በል» አለ። ቀልዱን ነበር፤ አግደው ግን ከልባቸው ያዙት።

በሁለቱ መካከል ደብዳቤ ለዓመታት ሲመላለስ ቆይቶ ድንገት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት አግደው ለፋሲካ ቤቱን ሲያጸዱ ድንጋይዋንም አላለፏትም፤ እንደ ሥራ ቦታቸው ብረት ዝገቷ ይልቀቅ ብለው አሲድ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሯት። ጠዋት ሲያወጧት ዝገት የነበረበት ጀርባዋ እንደ በለዘ ሥጋ ሐምራዊ ሆኗል። እንደ አይሁድ የሐዘን ወግ ሰባት ቀን መሬት ተቀምጠው አለቀሱ። ኋላም ኢትዮጵያ የቀረ ዘመድ ወደ እስራኤል እንዲመጣ የሚመዘግቡ ሰዎች መጥተው ሲጠይቋቸው ወንድሜ ሞቷል ብለው ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ድንጋይ ከመሳቢያው ውስጥ ሆና የምታያቸው ይመስላቸዋል፤ አንዳንዴም በጠራራ ፀሐይ ከክፍሉ ወጥተው ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የልጃቸው ልጅ ሺራ አንሶላ ስትቀይር አገኘቻት። ኬሚስትሪ ተማሪ ናትና ለምና ወስዳ አስመረመረቻት። ስሟ ትሪፊላይት ነው አለች፤ በጥቂት ቦታ ብቻ የምትገኝ፣ የባትሪው ማዕድን ሊቲየም ከብረትና ከፎስፌት ጋር ያለባት። መሬት ውስጥ ሳለች ውሃና አየር ሊቲየሙን ቀስ በቀስ ሲወስዱት፣ ከዝገቱ ሥር ያለው ብረት ሐምራዊ ይሆናል።

«ሳባ፣ አያቴ፣ ሐምራዊው ሳትለያዩ በፊትም ነበረ። አሲዱ ዝገቱን ገፎ አሳየዎት እንጂ፣ ድንጋይ ስለ ሰው ምን ያውቃል?»

አያቷ ድንጋይዋን ተቀብለው ገለበጧት።

«እና እኔ ማንን ነው የቀበርኩት?»

ሺራ ጎንደር ሆነው ወደ እስራኤል ለመሄድ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን እየጠየቀች በሦስተኛው ሳምንት አንድ ስልክ አገኘች። ስልኩን ያነሳው ሰው ድምፅ አርጅቷል፤ ግን የደምለው ነበር። ያለቀሱለት ሰው በስማቸው ሲጠራቸው አግደው ጀርባቸውን ብርድ ወረራቸው። ደምለው ስሙ ከመዝገብ ለምን እንደጠፋ ቢጠይቅ ቢጠይቅ የሚነግረው ሰው እንዳላገኘ አጫወታቸው።

«ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም፤ የኔዋ አልተለወጠችም። ወንድምዓለም፣ ያንተስ?»

አግደው ሐምራዊውን ጀርባ በመዳፋቸው ከደኑት። ሺራ እያየቻቸው ነው።

«ሰማያዊ ናት» አሉ።