አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ፎርም

መምህርት ሀብትነሽን አርፋ ተቀምጣ ያያት ሰው ሞጣ ውስጥ አይገኝም። ስታስተምር በዴስኮቹ መካከል ትመላለሳለች፤ ደብተር የምታርመው ቆማ ነው። ባልደረቦቿ «ወንበርሽ ላይ እሾህ ማን አስቀመጠብሽ?» እያሉ ይቀልዱባታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በእሷው ክፍል የምትማረውን ልጇን ወለተ ሐናን ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የሰው ልጅ ታስጠናለች። እውነት ለመናገር የመቀመጫ ጊዜም የላት። ማታ ስትገባ ከመሶቡ የተረፈ እንጀራ ካገኘች «ልጄ ጠግባ ነው» ብላ ተመስገን ትላለች።

ይህችው ሴት ናት እንግዲህ ወለተ ሐናን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ለሥልጠና ወደ ብቸና የሄደችው። አገሪቱ ለትምህርት ቤት ልጆች የምግብ መመሪያ ልታወጣ ነው ተባለ። አሠልጣኙ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ካሮትና ሙዝ የተሣለበት ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መምህር «ይኸን ሁሉ የሚበላ ልጅ ካገኘን እኛም እዚያው ቤት እንገባለን» ብለው ሰዉን አሳቁት። ሀብትነሽ ግን ልቧ ለየመምህሩ በታደለው ፎርም ላይ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ትናንት ምን እንደ በላ ይጠየቃል፤ የመለሰው ብቻ ይጻፋል፤ መምህሩ ከራሱ አንድ ቃል አይጨምርም። ልጆቹ ተርበው እንደሚማሩ የታየበት ትምህርት ቤት የምሳ ምገባ ይጀመርለታል።

ብቸና የትውልድ ከተማዋ ናትና አመሻሽ ላይ እናቷ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ዘንድ ገባች።

«በላሽ ወይ ልጄ?» አሏት።

«በልቻለሁ» አለች። ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰችው አንድ ብስኩት ነው። የቄስ ልጅ ናት፤ «የጨዋ ልጅ ቢርበውም ጠገብሁ ይላል» ተብላ ነው ያደገች። እናትየውም ደንቡን ያውቃሉና ምግቡን አቀረቡ።

«ኧረ እኔስ በልቻለሁ!»

«በሞቴ!» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ።

ያን ጊዜ እጇን ሰደደች። አንዴ ከጀመረች ወዲያ ማን ይመልሳት።

በማግሥቱ ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ይኸው ነገር ያብከነክናት ጀመር። ፎርሙን ታወጣለች፣ አጥፋ ትመልሳለች፣ ደብረ ወርቅን ሳያልፉ እንደገና ታወጣለች። እሷ በዚህ ዕድሜዋ የገዛ እናቷን ከዋሸች፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት «አልበላሁም» ይላል? ሆድ ከአገር ይሰፋል። ፎርሙ ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሞቴ ማለት አያውቅም።

የፈራችው አልቀረም። ሐሙስ ዕለት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን አንድ በአንድ ብትጠይቅ ሁሉም ጠግቦ አደረ። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ራሷን ዴስኩ ላይ የምትደፋው የልብስ ሰፊው የአብዱልሐኪም ልጅ ነጅዋ እንኳ ዓይኗን ሳትሰብር «ሩዝ በሥጋ» አለች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ኃይለ ሚካኤል ወረቀቱን አገላበጡት። «ይኸ እኮ የሠርግ ቤት ነው! በዚህ ማን ምሳ ይሰጠናል?»

«ታዲያ እኔ ላስተካክለው?»

«ተይ፣ ውሸት በውሸት አይቃናም። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ፎርሙን የሚወስደው መኪና ይመጣል፤ እስከዚያ የምትችይውን ሞክሪ።»

ዓርብ ጠዋት እንደ ልማዷ እየተጣደፈች ወለተ ሐናን «በልተሻል?» ብላ በሩን ቆለፈች። «በልቻለሁ» ተባለች። ክፍል ስትገባ ባዶ ፎርም ይዛ ነበር።

«ልጆች፣ መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ትናንት ምሳ አልበላሁም። ሰሞኑን ብቸና ሳለሁም እናቴ በላሽ ወይ ብትለኝ በልቻለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። እሷ ግን በሞቴ አለችኝ። እኔም ዛሬ በሞቴ እላችኋለሁ። ትናንት ምን በላችሁ?»

ሀብትነሽ ከጥቁር ሰሌዳው እስከ በሩ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ ነጅዋ ተነሣች።

«ቲቸር፣ ሻይ ብቻ ነው። ዳቦው ለትንንሾቹ ነው የደረሰ።»

የሳቀባት የለም። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተራ በተራ ተነሡ፤ ቆሎ ያለ፣ ውኃ ያለ፣ ምንም ያለ። የሀብትነሽ እጅ በመጻፍ አልደርስላቸው አለ። ልቧ ተሰበረ፤ ፎርሙ እውነት ሲሞላ ደግሞ ደስ አላት፤ በመደሰቷም አፈረች።

የቀረችው የኋላው ዴስክ ላይ ያለችው ወለተ ሐና ብቻ ነበረች። የልጇንማ ታውቀዋለች፤ ሳትጠይቅ ልትጽፈው ብዕሯን አስጠግታ ነበር። የመለሰችው ብቻ ይጻፋል መባሉ ትዝ ሲላት ቀና አለች።

«አንቺስ?»

«ትናንት ቁርስ አልበላሁም።»

«ምነው ልጄ! በልቻለሁ አላልሽኝም?»

«ቁልፉን ይዘሽ በር ላይ ቆመሽ ነዋ የምትጠይቂኝ» አለች ወለተ ሐና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያለው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው። ማታ አንቺ እንድትበይው ተውሁት።»

ከደጅ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ አቶ ኃይለ ሚካኤልም ከበሩ ላይ ሆነው «ደርሷል፣ ቶሎ በይ!» አሉ። ሀብትነሽ ወደ በሩ አልሄደችም። ዴስኩን ገፋ አድርጋ ከልጇ ጎን ተቀመጠች።

«ዛሬስ?» አለቻት። «በሞቴ።»

«ዛሬም» አለች ወለተ ሐና።