ማዳም አልከለከለችኝም

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። መካ፣ ሐረም መስጊድ ገብቼ ለሌላው ጥፋቴ ሁሉ ሳነባ እንኳ ይህችን ዘልዬ ነው ያለፍኩት፤ ዝም ካልኳት የምትቀር መስሎኝ። አልቀረችም። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ መናገር ይቀለኛል።

ጅዳ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። እረፍት ባገኘሁ ጁምዓ መካ፣ ሩሰይፋ፣ የአክስቴ ልጅ ሩቅያ ዘንድ እሄዳለሁ። ጅዳ መጥረጊያ ይዤ የምውለው እኔ፣ ሩቅያ ቤት ስገባ «ሩሲያ የተማረችው ዘሃራ» ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ስፖርት እንዳጠና ያኔ በሩሲያ ሥር ወደነበረችው የሙስሊሞች ከተማ፣ ታሽከንት፣ መላኬ እውነት ነው። በዓመቱ ወድቄ መመለሴን ግን አልነገርኳቸውም። ዲግሪ አለኝ ብያቸው ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰው አንድ ቦታ እንኳ መከበር ያምረዋል።

የሩቅያ ልጅ ሐያት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ለመጤ ልጅ እንዲህ ያለ ነፃ የትምህርት ዕድል በስንት ዱዓ ነው የሚገኘው! ስለ ስፖርትና ማኅበረሰብ ጥናት ጻፊ ስትባል፣ ከእኔ ወሬ ተነስታ የታሽከንት ሙስሊም ሴቶችን መረጠች። መምህሯ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ ምንጭ አምጪ አለቻት። እሷም ወደ እኔ ዞራ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ «ኻላ፣ አንቺ እያለሽ!» አለች። አንቺ እያለሽ። ያቺ ቃል አሰከረችኝ።

ኮምፒውተሩን ከፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። የሩሲያኛውን ፊደል አልረሳሁትም፤ ስፖርት፣ ሴቶች፣ ታሽከንት እያልኩ ስፈልግ አንድ የቆየ ጽሑፍ ወጣ። ርዕሱን አነበብኩ። ከሥሩ ካለው ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ብቻ ነበር የሚገባኝ። አላውቀውም ማለት ሞት ሆነብኝ። ስለዚህ የማነብ መስዬ በዓይኔ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ሻሽ ያሰሩ ሚስቶች ግቢ ውስጥ መረብ ወጥረው ኳስ ሲጫወቱ፣ አማቶቻቸው ጥግ ይዘው ነጥብ ሲይዙ። ሐያት እየሳቀች ጻፈችው። ያልኩት በሕይወቴ ያየሁት ነው፤ ጽሑፉ ላይ ግን አልነበረም።

መምህሯ ሩሲያኛ ለሚያውቅ ሰው አስነበበችው። ሐያት ምንጭ ፈጥረሻል ተባለች። ተርጓሚዋ ቀርባ ስህተቱ የእኔ ነው ካለች ይታለፍላታል፤ ካልቀረበች ነፃ ዕድሏን ትነጠቃለች። እያለቀሰች ደወለችልኝ። እመጣለሁ አልኳት።

አሠሪዬን፣ ማዳምን፣ አስፈቀድኳት። «ያላ፣ ሂጂ እንጂ! ሹፌሩ ያደርስሻል» አለችኝ። ለዘመዶቼ ብላ ተምር ቋጠረችልኝ። ሹፌሩ በር ላይ ሆኖ ጥሩምባ ሲነፋ፣ መምህሯ ፊት ቆሜ እስቲ አንብቢ ስባል ታየኝ። ሩቅያ የዲግሪዬን ውሸት ሰምታ ጉድ ስትል ታየኝ። ስልኩን አንስቼ ሐያትን «ማዳም ከለከለችኝ» አልኳት። ለማዳም ደግሞ ቀጠሮው ቀረ አልኳት።

ማን ይጠራጠረኛል? በር የተቆለፈባት፣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የተነጠቀች እህት በየቤቱ ሞልታ የለም እንዴ? የእነሱን የእውነት እንባ ለውሸቴ የተዋስኩ እኔ ነኝ። ሐያት ጭራሽ እኔን አጽናናች። «መዓሌሽ፣ ግድ የለም ኻላ፣ አንቺ ምን ታደርጊ? በሰው እጅ ነሽ» አለችኝ። ተምሩን ብቻዬን በላሁት።

ትምህርቷ እዚያው ላይ ተቋረጠ። ዛሬ እዚያው መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር፣ የሐጃጆች ማደሪያ ውስጥ አንሶላ ትቀይራለች። ስገባ አሁንም ተነስታ ወንበር ትለቅልኛለች። ሩቅያ ማዳምን በረገመች ቁጥር እኔ አሚን እላለሁ። እኔ! አሚን ስል ምላሴ እንዴት ታዘዘልኝ?

ባለፈው ረመዳን ማዳም ሞተች። አንድ ማታ ወሬውን ሩሰይፋ ይዤ ብሄድ ሩቅያ «ወላሂ አፉ አልላትም፣ የልጄን ሐቅ በወዲያኛው ዓለም፣ አኺራ፣ ትመልሳለች» አለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሻዬን ጠጣሁ።

ፈርቼ ነው ብዬ አላመካኝም፤ ፈሪም እውነት ይናገራል። ለራሴም አፉ በሉኝ አልልም፣ አፍም የለኝ። ሩቅያ፣ ሐያት፣ ማዳምን ግን አፉ በሏት። ሂጂ ብላኝ ነበር። መኪናው በር ላይ ቆሞልኝ ነበር።