ስለ እሳቸው የጻፍኩት

እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ሶሻል ወርክ በኦንላይን ስማር፣ የተግባር ልምምዴን የማደርገው ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባል ጎዳና ላይ ባለ አንድ የስደተኞች መርጃ ቢሮ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት እናት ይመጣሉ። በሐምሌ ሙቀት ግራጫ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ሁሌም ሌላውን ያስቀድማሉ። ለትምህርቴ አንድ ባለጉዳይ ተመልክቼ መጻፍ ነበረብኝና እሳቸውን መረጥኩ።

አንድ ቀን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። "ቀና እያልሽ የምታዪኝ፣ ስለ እኔ ነው የምትጽፊው?"

"አዎ እማማ፣ ለትምህርቴ ነው" አልኩ ደንግጬ።

"እስቲ አንብቢልኝ።"

ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ክፉ ክፉውን እየዘለልኩ አነበብኩላቸው።

"እንግሊዝኛውን አንብቢው" አሉኝ ረጋ ብለው። "አሥራ አንድ ዓመት መሃል ከተማ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ፣ የሚሉኝን ሁሉ እሰማ ነበር።"

እንግሊዝኛውን ከላይ ጀመርኩ። "ጫማዋ የተቀደደ ነው፤ ራሷን አትጠብቅም" ከሚለው ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

"እግሬ ስለሚያብጥ በመቀስ የቀደድኩት ራሴ ነኝ። ቀጥዪ።"

ቀጣዩ መስመር "እንግሊዝኛ አትሰማም" የሚል ነበር። አንገቴን ደፍቼ እሱንም አነበብኩላቸው።