ሦስት ደረጃ የቀረው ቤት

ቨርኔል ተብስ ሃያ ስምንት ዓመት የዲትሮይትን አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ስትወጣ፣ እፎይ ብላ ትቀመጣለች ያልን ሞኞች ነበርን። ትቀመጥ? እሷ? በወሩ የጫማዋን ክር አጥብቃ አስራ፣ ድሮ በጎማ ትዞረው የነበረውን ሰፈር በእግሯ ትዞረው ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ብርዱ ሊወጣ ሲል የአውራጃው ግምጃ ቤት የሦስት ዓመት የቤት ግብር ባልከፈለ ሰው በር ላይ ቢጫ ፌስታል ያንጠለጥላል። ውስጡ ያለው ወረቀት እስከ ማርች መጨረሻ ካልመጣህ ቤትህ ለሐራጅ ይወጣል የሚል ነው። ሰዉስ ምን ያደርጋል? ጎረቤት ሳያየው ቶሎ አውርዶ ይጥለዋል! አቅም ለሌለው ግብሩ ይነሳለት የሚል ሕግ አለ፤ ግን ጮክ ብሎ የሚነግረው የለም። የምትነግረው ቨርኔል ናት። ቢጫ ፌስታል ያየችበትን በር ሁሉ ታንኳኳለች። በሩን ሲዘጉባት በመስኮት ትጠራለች፤ መስኮቱን ሲዘጉባት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠብቃ ትይዛቸዋለች። ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትሞላለች፤ ቢሮው ድረስ ይዛቸው ሄዳ አብራቸው ትሰለፋለች። ስንት ቤት አተረፍሽ ሲሏት፣ "ተሳፋሪም ቆጥሬ አላውቅ" ትላለች።

አንድ ዓመት ግን ክሊዮታ ጌይንስ የሚባል ሰው ፈተናት። መኪና ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት ነው፤ ኮፍያውን ሳያደርግ ቆሻሻ እንኳ ደጅ የማያወጣ ኩሩ። ሚስቱ ሞታበት፣ ተወልዶ ባደገበት የጡብ ቤት ብቻውን ይኖራል። ቨርኔል ሦስት ቀን ሄዳ አንኳኳች። ሦስቱንም ቀን መጋረጃው ተነቃነቀ እንጂ በሩ አልተከፈተም። በአራተኛው ቀን ጮኸች።

"ጋሽ ክሊዮታ! ከመጋረጃው ሥር ጫማህ ይታየኛል፤ ክፈት!"

በሩ ገርበብ አለ። "ሾፌሯ፣ እዚህ ጋ ፌርማታ የለም። እለፊ።"

"የማቆሚያውን ደወል የደወልከው አንተ ነህ" አለችና ከቆሻሻ በርሜሉ ያወጣችውን ቢጫ ፌስታል አወዛወዘችበት።

ሳቁ አመለጠው። አስገባት፤ የስኳር ድንች ኬክም ቆርሶ ሰጣት። እሷ እየጠየቀች፣ እሱ እየመለሰ ቅጹ ግማሽ ደረሰ። ከዚያ ብዕሯ ቆመ።

"የቤቱ ካርታ በማን ስም ነው?"

"በእናቴ።"

"እናትህ ካረፉ ስንት ዓመት ሆነ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

የሰፈራችን በሽታ ይኸው ነው። ወላጆቻችን ለጥቁር ሰው ቤት አይሸጥም እየተባሉ ኖረው፣ በስንት መከራ ስማቸውን ካርታ ላይ ያሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ያንን ስም ከካርታው ለመፋቅ የልጅ እጅ አይታዘዝም። ሕጉ ደግሞ ግብር የሚያነሳው ስሙ ካርታው ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው።

"ፍርድ ቤት ሄደን ወራሽነትህን እናመልክት" አለችው። "ማመልከቻው ከገባ ሐራጁን ያቆሙልሃል። አራት ቀን አለን።"

ክሊዮታ ብድግ አለ። "እናቴ ለዚህ ቤት ብላ ሃያ ዓመት በጉልበቷ ተንበርክካ የሰው ወለል ወልውላለች። ስሟን ከቤቷ አላስወጣም። በቁሜ አላደርገውም!"

"ሐራጁ ያስወጣታል እኮ!"

"እነሱ ያስወጧት። በእኔ እጅ ግን አይሆንም። ኬክሽን ጨርሺና ሂጂ።"

ወይ ድርቅና! ቨርኔል አፏ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጠችው። ሹካዋን አስቀመጠች። ለነፍስ አባቷ እንኳ ያልነገረችው ነገር ነበራት፤ አሁን ካልተናገረችው ደግሞ ይህ ሰው በአራት ቀን ውስጥ ቤቱን ያጣል።

"ኮፍያህን አድርግ" አለችው። "አንድ ነገር ላሳይህ። ከዚያ በኋላ ብታባርረኝም ሁለተኛ አላንኳኳም።"

በአሮጌ መኪናዋ ይዛው ሄደች። የቆመችው ባዶ ቦታ ፊት ለፊት ነው። በረዶ ያስተኛው ሣር መሃል ሦስት የሲሚንቶ ደረጃዎች ቆመዋል። ከደረጃዎቹ በላይ ምንም የለም። ቨርኔል ወርዳ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

"እግርህን ጥረግና ግባ" አለችው። "ሳሎኑ እዚህ ጋ ነበር።"

"የማን ቤት ነው?"

"የእናቴ። ስሟን ከካርታው አላስወጣም ብዬ። ባሌን ሳስታምም ግብሩ ተጠራቀመ፤ ቢጫው ፌስታል ሲመጣ እኔም ጣልኩት። መልኩን እንኳ የማላውቀው ሰው በሐራጅ ገዛው፤ አንድ ቀን ሳይገባበት ቧንቧውን ሌባ ነቀለው፣ ቀጥሎ ተቃጠለ፣ ከተማው አፈረሰው።" እጇን ወደ ባዶው ሣር ዘረጋች። "እስቲ አሁን ንገረኝ፣ ክሊዮታ። የእናቴ ስም የት ነው ያለው?"

ክሊዮታ ኮፍያውን አወለቀ።

"ሰዉ ሁሉ ሸጠሽው አፓርታማ ገባሽ ነው የሚለው።"

"እኔው ነኝ ያስወራሁት። አፈርኩ፤ ምን ልበል?"

በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከቨርኔል ቀድሞ የተገኘው ክሊዮታ ነው፤ ያውም በከረባት። ማመልከቻው ገባ፣ ቤቱ ከሐራጁ ዝርዝር ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ግብሩን የሚያስነሳለት አዲሱ ካርታ በስሙ ሲመጣ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። የመጀመሪያው መስመር ላይ "ከሟች ሉሲንዳ ጌይንስ የተላለፈ" ይላል። ስሟ አልወጣም ነበር ለካ! ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የቨርኔል ስልክ ጮኸ። የድሮ ጎረቤቷ ናት። "እትዬ ቨርኔል፣ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ የድሮ ግቢያችሁ ገብቶ ሣር ያጭዳል፤ ፖሊስ ልጥራ?"

ቨርኔል በረረች። ክሊዮታ ከቤቱ ገፍቶ ያመጣውን የሣር ማጨጃ ማሽን እያንጎደጎደ ነው። ሣሩ ተስተካክሏል፤ ሦስቱ ደረጃዎች ተጠርገው ታጥበዋል።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ቦታው እኮ የእኔ አይደለም!"

"እግርሽን ጥረጊና ግቢ" አላት ማሽኑን ሳያጠፋ። "እናትሽ ስማቸው ማን ነበር?"

"ኢዶራ" አለች በቀስታ።

"አልሰማሁሽም፤ ማሽኑ ይጮሃል!"

ቨርኔል ደረጃው ላይ ወጥታ ቆመች። ያን ስም በዚያ ደጅ ከጠራችው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል።

"ኢዶራ ሃርግሮቭ!" ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ ወጣ።