ከአፌ ያመለጠ ስድብ

ሰው ማረም እወዳለሁ። ክፉ አመል መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ፍኖተ ሰላም ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ የሥነ ዜጋ መምህርት ሆኜ ስኖር አመሉ አብሮኝ አረጀ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ደፋር ሴት አይቶ «እሷማ ወንድ ናት» ሲል ከሰማሁ ዝም ብዬ አላልፍም። «ለምን ወንድ ትሆናለች? ደፋር ሴት ናት» እላለሁ። ሾፌሩ በመስታወት ያየኛል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እኔ ደግሞ እስክወርድ ድረስ አስረዳለሁ።

ስልክ ላይ የባስኩ ነበርኩ። ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስለ ዘር፣ ስለ ሴት መብት፣ የትኛው ቃል ስድብ እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ ፌስቡክ ላይ ስከራከር ስንት ጊዜ ወጥ አርሮብኛል። ኢንተርኔቱ የተዘጋ ጊዜ ባሌ «እፎይ» አለ። እሱ ቡሬ ፋብሪካ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ መጥቶም ከስልኬ ጋር ሲጣላ ይውል ነበር። እኔ ግን ኢንተርኔት ተዘጋ ብዬ አፌን አልዘጋሁም። ክርክሬን ይዤ ወደ ቀበሌ አዳራሽ ሄድኩ።

ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም በኩል መጥታ ከእኛ አጥር ጋር የተያያዘች ትንሽ ቤት ውስጥ ገባች። አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ንግግሯ አጭር ነው፤ ስትቆጣም አጭር፣ ስትስቅም አጭር። ሁለተኛ ልጄን ልወልድ ሐኪም ቤት በተኛሁ ጊዜ ትልቁን ልጄን ያቆየችልኝ እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አጥሩን ገፋ አድርጋ ትመጣለች፤ ቤት ያፈራውን እንበላለን፤ ከተማውን ሁሉ እናማለን። ከእህቶቼ የምደብቀውን ለእሷ እነግራታለሁ።

በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ምን እየተባለ እንደሚሰደብ መናገር አያስፈልገኝም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ድስታቸውን ገዝቶ ወጥ የሚሠራበት ሰው ልጁን ለልጃቸው አይድርም። ይህን ጉዳይ እኔ በየዓመቱ አንድ ሙሉ ሳምንት አስተምረዋለሁ። ተማሪዎቼ ቃሉን ክፍል ውስጥ እንዳያነሱ አስምያቸዋለሁ።

የዚያን ዕለት ቀበሌው የጠራን ስለ ገበያው ነበር። የሸክላ ተራው ከመሀል ገበያ ተነሥቶ ወደ ጥጉ፣ ወደ ከብት ተራው አጠገብ እንዲሄድ ታስቧል ተባለ። እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑን ተቀብዬ ስለ መገለል፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ሴት አምራቾች ክብር ረጅም ንግግር አደረግሁ። ያማረ ንግግር ነበር፤ ራሴንም ደስ አሰኘኝ። ስጨርስ ጎረቤቴ ከኋላ ወንበር ብድግ አለች።

«መምህርት ስለ እኛ ተናገረች፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ያለ ማይክሮፎን። «ግን እኛን አልጠየቀችንም። እኛ ጥጉን እንፈልገዋለን። መሀል ገበያ ሰውና ጋሪ እየረገጠ እቃችንን ፈጀው።»

አዳራሹ ሳቀ። የሳቁት በእኔ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት የትምህርት ቤታችን ምክትል ርእሰ መምህር እንኳ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁ ነበር። ፊቴ ጋለ። ስለ እሷ ስሟገት በሰው ፊት ታዋርደኛለች ብዬ አሰብኩ።

«ድሮም የቡዳ ነገር» አልኩ።

ለራሴ ያልኩት መስሎኝ ነበር። ማይክሮፎኑ ግን ገና እጄ ላይ ነበር። ድምፄ በአራቱም ማዕዘን ተመልሶ ሲመጣብኝ ሰማሁት። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የምከራከረው ሰውዬ፣ «እውነቷን ነው» አለ። በሕይወቴ ከእኔ ጋር ሲስማማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ዘጠኝ ቀን አጥሩ አልተገፋም። እኔ ሄጄ ስጣራ አትወጣም። ጭቃ ስትደበድብ ይሰማኛል፤ እኔ ስጠራት ድብደባው ይቆማል፤ ስሄድ ይቀጥላል። በአሥረኛው ቀን ሽንኩርት የምንገዛት ሴት ነገረችኝ፤ ጎረቤቴ ዕቃዋን ጠቅልላ ዱርቤቴ ከተማ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው፣ ጋሪም አነጋግራለች። ሽንኩርቱን ሳልይዝ ተመለስኩ። ጎረቤቴን ከቤቷ ያስነሣኋት እኔ ነኝ፤ ከሄደችም በእኔ አፍ መሄዷን እያሰብኩ ነው የምኖረው።

ለንስሐ አባቴ ሄጄ ነገርኳቸው። ቄሱ ሰምተው ሲጨርሱ ብዙ አልተቆጡኝም። «ሽማግሌ እንልካለን» አሉ። እሳቸው፣ የእድራችን ዳኛና አንድ ሌላ አዛውንት ሆነው ቅዳሜ ቤታችን ተቀመጡ። ባሌም ከቡሬ ገብቶ ነበር።

በመንደራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህን አውቃለሁ፤ ተዘጋጅቻለሁም። የእድሩ ዳኛ ግን ፊታቸውን ወደ ባሌ አዞሩ።

«እንግዲህ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋዩን ትሸከማለህ፤ እኛ እንለምንልሃለን፤ ያልቃል» አሉት።

«ምን ቸገረኝ» አለ ባሌ። «ፋብሪካስ ከዚህ የሚከብድ እሸከም የለ?»

«እሱ ለምን ይሸከማል?» አልኩ።

«ሴት ድንጋይ ተሸክማ አደባባይ ስትቆም አይተን አናውቅማ» አሉ ዳኛው። «ነውር ነው ልጄ። የሚስት ጥፋት በባል ይታረቃል፤ ደንቡ ይኸው ነው።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የተጸጸተ ሰው ቀስ ብሎ መናገር ነበረበት፤ እኔ ግን ጮህኩባቸው። ሰድቤያት ሳለሁ የሚታረቀው እሱ ነው? እኔ ጥፋት እንኳ የራሴ የለኝም? ባሌ አጠገቤ ሆኖ «ኧረ ተይ፣ እየታረቅሽ ነው እየተጣላሽ?» ይለኛል። አዛውንቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቄሱ ብቻ ሳቁ።

«ጥፋቱ የእሷ ነው» አሉ ለዳኛው። «ንስሐ ስትገባስ ባሏን ልቀበል ነው? ተዋት ትሸከም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዋርካው ሥር ቆምን። ጎረቤቴ መጣች፤ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ድንጋዩን አንስቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግሁት። ማታውን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር፤ ቃል እንዴት ሰውን እንደሚያቆስል፣ ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው እንዴት ውስጣችን እንደሚቀር፣ ጥሩ ጥሩ ነገር። አንገት ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲጫንበት ግን ትንፋሽ ለንግግር አይበቃም። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» ብቻ አልኩ።

እሷ እኔን አላየችኝም። ለሽማግሌዎቹ ነው የተናገረችው።

«አባቶቼ፣ ቃሉንስ ለምጀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ውኃ ስቀዳ ሰምቸዋለሁ፤ ገበያም በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። እሱ አይደለም የሚያስኬደኝ። አሥራ አንድ ዓመት እሷ ቤት በላሁ፣ ጠጣሁ። እሷ ግን አንድ ቀን እኔ ቤት እህል ቀምሳ አታውቅም። ‹ጾም ነኝ› ትለኛለች፣ ‹አሁን በላሁ› ትለኛለች፣ ‹ጨጓራዬ› ትለኛለች። እኔም አመሏ ነው እያልሁ ራሴን አታልል ነበር። ልጆቿ ቤቴ በልተው አደጉ፤ አንዱም አልታመመ። እሷ ግን ፈራች። ያን ቀን አዳራሽ ስትናገር ነው የገባኝ።»

ከድንጋዩ ሥር ሆኜ አሥራ አንዱን ዓመት በረበርኩ። አንድ ቀን፣ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ብርጭቆ ጠላ ፈለግሁ። ፋሲካ ላይ? ወጥ ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ ለሌላ ጎረቤት አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ። የባሏን ሙት ዓመት ያሰበችበት ቀን? ቆሜ ተመልሻለሁ። ጨጓራዬን በእርግጥ ያመኛል፤ ግን ሌላ ሰው ቤት አሞኝ አያውቅም። ይህን ለራሴ ተናግሬው አላውቅም ነበር። በየዓመቱ አንድ ሳምንት ያስተማርኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ፤ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

«ያለችው ሁሉ ልክ ነው» አልኩ።

ቄሱ «ታዲያ ምን ይደረግልሽ ልጄ?» አሏት።

«አሁን ቤቴ ገብታ ትብላ» አለች። «እናንተም አባቶቼ፣ ስላስታረቃችሁን ትበላላችሁ። ከዚያ ይቅር እላለሁ።»

የእድሩ ዳኛ ወደ ዋርካው ቅርንጫፍ አዩ። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንኳ ሐኪም ምግብ ከልክሎኛል» አሉ።

«ሐኪሙ የከለከለዎት እሷ ቤት ብቻ እንዳይበሉ ነው?» አሉ ቄሱ፤ መስቀላቸውን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ። ዳኛውም ተከተሉ። አዛውንቱ ብቻቸውን ዋርካ ሥር መቅረቱ ከበዳቸው መሰለኝ፣ ከዘራቸውን አነሡ።

ድንጋዩን ላወርድ ስል ጎረቤቴ «ገና ነው» አለችኝ። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ሰፈራችን ድረስ ድንጋይ ተሸክሜ ሄድኩ። ባጃጆች ቀስ እያሉ አዩኝ። ሁለት ተማሪዎቼ ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኙኝ፤ ሰላም ሊሉኝ ጎንበስ አሉ፤ እኔም ጎንበስ እንዳልኩ ነበርኩ። ባሌ ከኋላዬ ሆኖ «ልያዝልሽ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩት። ደጃፏ ስንደርስ ጎረቤቴ በሁለት እጇ ድንጋዩን ከጫንቃዬ አንስታ መሬት አስቀመጠችው። አንገቴን ቀና ሳደርግ ከአዳራሹ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በቅርብ አየሁት። እሷም ከስታለች።

ቤቷ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ሥር ያልተተኮሱ ድስቶች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ ሁለት የታሠሩ ጆንያዎች አሉ፤ የመንገዱ ዕቃ መሆኑ ነው። ሽሮ በቅቤ አቀረበች። ቄሱ ባርከው መጀመሪያ ጎረሱ፤ ቀጥሎ ዳኛው፤ አዛውንቱም ሐኪማቸውን ረስተው ደህና አድርገው ቆረሱ። ሁሉም እኔን ያዩኛል።

እጄ እንጀራው ላይ ለአፍታ ቆመ። ብደብቀው ውሸት ይሆናል። ከፍቼ ያስተማርኩት መጽሐፍ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፤ ከልጅነቴ የሰማሁት ፍርሃት ግን ጣቶቼ ውስጥ ነበር። ጎረቤቴ አየችው። ቆረስኩና ጎረስኩ። አኘክሁ፤ ዋጥኩ። ሁለተኛም ጎረስኩ።

«ጨው በዝቶበታል» አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛው ማኘክ አቆሙ። ጎረቤቴ እኔን አየችኝ፣ ሰሐኑን አየች።

«ያኔውኑ በልተሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አሥር ዓመት ሙሉ እቀንስ ነበር» አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ አጭር ሳቋን። ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ ሁላችን። እኔ እየሳቅሁ እንባዬ ሽሮው ላይ እንዳይወርድ በነጠላዬ ያዝኩት። «ይቅር ለእግዜር» አለችኝና በእጇ አጎረሰችኝ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፤ ጨዉም ያው ነው።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። ባሌ ሊሸኛቸው ተከተለ። እኔ ዓይኔን ከሁለቱ ጆንያዎች ላይ ማንሣት አልቻልኩም፤ ስለ ዱርቤቴ ልጠይቃት እፈልጋለሁ፤ መልሱን ደግሞ እፈራለሁ። እሷ ሰሐኑን እየጠረገች ትከሻዬን ትመለከታለች።

«ሸክም ትችያለሽ እኮ» አለችኝ። «አፈሬ አልቋል። ነገ ወንዝ ማዶ ልቆፍር ነው፤ ጆንያዎቹን ፍችና ባዶ አድርጊልኝ፤ አንዱን አንቺ ትይዣለሽ።»

ነገ ሰኞ ነበር፤ ክፍል ነበረኝ። ጆንያዎቹን ስፈታ ቋጠሮው አስቸገረኝ። ልብሷን እያወጣሁ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩላት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አብሬያት ሄድኩ።